ስሙ አንድ፣ ዘሩ ብዙ፦ የሰሜኑ ደጋ ሳል ያልተጻፈ ታሪክ

(ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ጊዜ ስታገኙ አንብቡት። ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመታቱ የፈረንጅ ናቸው።)

በ1858 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጣና ዳር፣ ቆራጣ ሰፍሮ ሳለ ኮሌራ ገባበት። ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። ንጉሡ ሰፈሩን አስነሥተው ወደ ደጋው፣ ወደ ጋፋትና ወደ ደብረ ታቦር ወጡ። በንጉሡ እጅ ከነበሩት እንግሊዛውያን አንዱ ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ ነበር፤ ያንን ዘመን ኋላ ባሳተመው መጽሐፉ ተርኮታል።

ልብ በሉ፤ በዚያ ሰኔ ንጉሡም ሐኪሙም ስለ በሽታው የሚያውቁት ምልክቱን ብቻ ነበር። ጀርመናዊው ሮበርት ኮክ የኮሌራን ተህዋሲ ለይቶ ለዓለም ያስረዳው ከ18 ዓመት በኋላ ነው። ሆኖም ኮሌራ ቢያንስ ተመዝግቧል። ለምን ቢባል ይሮጣል፤ ጠዋት የያዘውን ማታ ይቀብራል። የኅዳር በሽታም እንዲሁ ስሙን ከወር ወርሶ ቀርቷል።

የሚያዘግም በሽታ ግን ጸሐፊ የለውም። በዚያው ደጋ፣ ከጉና ግርጌ ባለ ጎጆ ውስጥ አንድ ገበሬ ዓመት ሙሉ ሲያስል፣ ሲከሳ፣ ሌሊት ሲያልበው ኖሮ ቢሞት ማን ዜና መዋዕል ይጽፍለታል? "ብርድ መትቶት ነበር" ተብሎ ይቀበራል። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ሳል ነው፤ ስለ ሳንባ ነቀርሳ፣ በዛሬ አጠራሩ ስለ ቲቢ። ዜና መዋዕል ያልጻፈለት በሽታ ታሪኩን በራሱ ገላ ጽፎ መገኘቱን፣ ያንንም ጽሑፍ ያነበቡት መሣሪያዎች በእኛ ላይ ተለጥፈው የኖሩ ሦስት ክሶችን እንደገና እንድንመረምር ማስገደዳቸውን ላሳያችሁ።

🔹 ክስ አንድ፦ "አፍሪካ ይህን በሽታ አታውቀውም ነበር"

ኮክ የቲቢን ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ላይ የተናገረው መጋቢት 24 ቀን 1882 ነው። ቅኝ ገዢዎች አፍሪካን ሲቀራመቱ ሐኪሞቻቸው የጻፉት ሪፖርት አንድ ሐሳብ ደጋግሞ ያነሣል፤ አፍሪካ ለቲቢ "ድንግል አፈር" ናት የሚል። ጥቁር ሕዝብ በሽታውን ከአውሮፓውያን ጋር እስኪገናኝ ድረስ አላየውም፤ ስለዚህ ሰውነቱ አይችለውም፤ ስለዚህ ሲሞት የሚሞተው ከተፈጥሮው የተነሣ ነው።

ይህ አባባል የዋህ ሳይንስ ይመስላል። ጥቅሙን ያየ ግን ሌላ ነገር ያያል። በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ውስጥ አቧራ እየዋጠ፣ በአንድ ክፍል ታጭቆ እያደረ የታመመው ሠራተኛ ወደ ገጠሩ ሲባረር፣ "ድንግል አፈር" የሚለው ቃል ባለ ማዕድኑን ከተጠያቂነት ያወጣዋል። ጥፋቱ የመኝታው ቤት ሳይሆን የደሙ ሆነ ማለት ነው።

ኢትዮጵያም በዚህ ክርክር ውስጥ ቦታ ነበራት። የሕክምና ታሪካችንን የመረመሩ ሰዎች እንደሚሉት እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ቲቢ በአገራችን ብዙም የሚነሣ በሽታ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ባለው መቶ ዓመት ደግሞ በቲቢ ሸክም ከሚጠሩ አገሮች ተርታ ገባን። ላይ ላዩን ሲያዩት ፈረንጆቹ እውነት ያላቸው ይመስላል።

መልሱ የመጣው ከብራና አይደለም፤ ከሕሙማን አክታና ከንፍፊት ነው።

በ2012 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን በአፍሪካ ቀንድ ከተገኙ ሕሙማን የወሰደው የቲቢ ባክቴሪያ በዓለም ከታወቁት የዘር ሐረጎች ከየትኛውም የማይገባ፣ ከግንዱ እጅግ ቀድሞ የተገነጠለ ቅርንጫፍ መሆኑን ጻፈ። በቀጣዩ ዓመት ረቡማ ፍርዲሳና ባልደረቦቹ በኢትዮጵያ ከ964 ናሙናዎች የተነሣ ሰፊ ጥናት አወጡ፤ ከአፍሪካ ቀንድ ጋር በጥብቅ የተያያዘ አዲስ ሐረግ መኖሩንም አረጋገጡ። ይህ ሐረግ በተለይ የታየው ወልድያ አካባቢ ነው። በዚያው ዓመት የጎንደር ዩኒቨርሲቲው በላይ ተሰማ ከባልደረቦቹ ጋር በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ከዚያ በፊት ያልተመዘገቡ የቲቢ ቅርንጫፎችን አሳተመ። አዲሱ ሐረግ "7ኛው" ተባለ። በ2016 ደግሞ የላቲን ስም ቀረበለት፤ "ኤቲዮፕስ ቬቱስ" የሚል፤ ትርጉሙ "ጥንታዊው ኢትዮጵያዊ" ማለት ነው።

እንግዲህ ካርታውን በአእምሯችሁ ዘርጉት። ከወልድያ ተነሥቶ በጋሸና፣ በጋይንት፣ በጉና ሥር አልፎ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወረታ የሚወርደው መንገድ ያንን የደጋ ምድር ከጫፍ ጫፍ ይሰፋዋል። ይህ ባክቴሪያ በዓለም ሌላ ቦታ ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ በስደት የሄደ የእኛ ሰው ይዞት ነው።

በ2015 ኢንያኪ ኮማስ የመሩት የብዙ አገር ተመራማሪዎች ቡድን ነገሩን ቋጨው። የኢትዮጵያን የቲቢ ባክቴሪያዎች ጂኖም አንብበው "ድንግል አፈር" የሚለውን አሳብ እንደሚቃረን አሳዩ። አንዳንዶቹ ዘሮች ከአውሮፓ ግንኙነት እጅግ ቀድሞ እዚሁ ነበሩ። ሌሎቹ ከሰው ፍልሰትና ከንግድ ጋር በተለያየ ዘመን ተራ በተራ ገቡ። ባለፈው መቶ ዓመት የሞቱ ቁጥር የናረው ደግሞ አዳዲስ የአውሮፓ ዘሮች ሲገቡና ከአገሬው ዘሮችም ለከተማ ኑሮ የሚመቹት ሲስፋፉ ነው የሚል አሳብ አቀረቡ። አያችሁ፣ ይህ መልስ አውሮፓንም ሙሉ በሙሉ ነጻ አያወጣም። እኛን ግን ከ"ታሪክ አልባነት" ያወጣናል። በሽታው እዚህ ነበር፤ ከእኛ ጋር አርጅቷል።

🔹 ክስ ሁለት፦ "ላሟ ናት"

አገራችን በዓለም ደረጃ ከሳንባ ውጭ የሆነ ቲቢ፣ በተለይ አንገት ላይ በንፍፊት መልክ የሚወጣው፣ በብዛት የሚታይባት ናት። ከከብቱ ጋር በአንድ ጣሪያ የሚያድር፣ ወተት ሳያፈላ የሚጠጣ ሕዝብ ስለሆንን ጥርጣሬው ወዲያው ከብት ላይ አረፈ። የከብት ቲቢ የሚባል ዝርያ አለና ንፍፊቱ የመጣው ከወተቱ ነው ተባለ። ምክንያታዊ ግምት ነበር፤ ማንም በዚያ አይወቀስም።

ዘሩ ሲለይ ግን ሌላ ነገር ተገኘ። ከላይ የጠቀስኩት የ2013 ጥናት ከሳንባና ከንፍፊት የተወሰዱትን ባክቴሪያዎች ሲያነጻጽር ሥርጭታቸው ተመሳሳይ ሆነ፤ የከብቱ ዝርያ ድርሻም እጅግ ትንሽ ነበር። ንፍፊት ያወጣችው ልጅ በአብዛኛው የያዛት የሰው ቲቢ ነው። ወተት አፍልታችሁ ጠጡ፤ ለብዙ ሌላ በሽታ ይጠቅማል። ነገር ግን የጤና ባለሙያው መፈለግ ያለበት በረቱን ብቻ ሳይሆን አብሯት የሚያድረውን የሚያስል ሰው ነው።

🔹 አውድማውና መሣሪያው

እስካሁን ያወራሁት ስለ ጂኖም ንባብ ነው። ጂኖም የዘር ሐረግን ይነግራል። ባክቴሪያው በዕለት ኑሮው ምን እንደሚሠራ፣ ለምን እንደሚዘገይ ለማወቅ ግን ገላውን የሠሩትን ፕሮቲኖች ማየት ይጠይቃል። እዚህ ላይ ነው ማስ ስፔክትሮሜትሪ የሚገባው። ስሙ ያስፈራል፤ አሠራሩን ግን የጉና ገበሬ ከማንም በላይ ይረዳዋል።

ገብስ ሲወቃ አይታችኋል። ገበሬው ምርቱን በመንሽ ወደ ነፋስ ይበትነዋል። ፍሬው ከባድ ነውና እግሩ ሥር ይወድቃል፤ ገለባው ቀላል ነውና ርቆ ይሄዳል። ነፋሱ ማንንም አይመርጥም፤ ሁሉንም እኩል ይገፋል፤ የሚለያቸው ክብደታቸው ነው።

ማልዲ ቶፍ የሚባለው መሣሪያ ይህንኑ ያደርጋል። ከባክቴሪያው ትንሽ ተወስዶ የብረት ሳህን ላይ ይቀባል፤ በላዩ ጨረር የሚቀበል አሲድ ይንጠባጠባል፤ ከዚያ በሌዘር ይመታል። ፕሮቲኖቹ በኤሌክትሪክ ተሞልተው ይነሡና አየር በሌለው ቱቦ ውስጥ በእኩል ኃይል ይወረወራሉ። ቀላሉ ቀድሞ፣ ከባዱ ዘግይቶ ከጫፉ ይደርሳል። የደረሱበት ሰዓት ተለክቶ ክብደታቸው ይሰላል። የሚወጣው ሥዕል እንደ ጣት አሻራ ነው፤ ኮምፒውተሩ ካከማቸው መዝገብ ጋር ያስተያየዋል፤ በደቂቃዎች ውስጥ "ይህ እገሌ የሚባል ባክቴሪያ ነው" ይላል።

ሙያው ረጅም ታሪክ አለው። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ አስተን በ1919 አተሞችን የሚመዝን መሣሪያ ሠራ፤ በ1922 ኖቤል ተሸለመ። እንደ ፕሮቲን ያለ ትልቅና ተሰባሪ ነገር ሳይሰባበር እንዲነሣ ማድረግ ግን እስከ 1980ዎቹ አልተቻለም። ከዚያ ጀርመናውያኑ ካራስና ሂለንካምፕ፣ በጃፓን ደግሞ የሺማዙ ኩባንያ መሐንዲስ ኮይቺ ታናካ መንገዱን ከፈቱት። ታናካ ዶክትሬት የሌለው የመጀመሪያ ዲግሪ ባለቤት ነበር፤ በ2002 ኖቤልን ተካፈለ። ከ2009 አካባቢ ጀምሮም ይህ መሣሪያ በብዙ የበለጸጉ አገሮች ሆስፒታል ውስጥ ባክቴሪያ ለመለየት የዕለት ሥራ ሆነ።

ነገር ግን ድካሙንም እንናገር። አንደኛ፣ አሻራው የሚታወቀው መዝገቡ ውስጥ ካለ ብቻ ነው። መዝገቡን የሞሉት በአብዛኛው ከበለጸገው ዓለም የተሰበሰቡ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሁለተኛ፣ የቲቢ ቤተሰብ አባላት እጅግ ይመሳሰላሉና ይህ ፈጣን አሻራ "የቲቢ ቤተሰብ ነው" ከማለት አልፎ የ4ኛውን ሐረግ ከ7ኛው ለመለየት አይበቃም። ለዚያ ከባዱ ዘዴ ያስፈልጋል፤ ፕሮቲኖቹ በኢንዛይም ተቆራርጠው፣ ቁርጥራጮቹ ተራ በተራ ተመዝነው፣ በሺዎች የሚቆጠር ፕሮቲን በስሙና በመጠኑ ይቆጠራል።

🔹 ክስ ሦስት፦ "ገበሬው ግንዛቤ ስለሌለው ነው"

ወደ ዋናው ነገሬ መጣሁ።

በአገራችን የቲቢ ሕመምተኛ ዘግይቶ ሕክምና ሲመጣ መልሳችን አንድ ነው፦ "የግንዛቤ ማነስ"። በሪፖርት ይጻፋል፣ በስብሰባ ይነገራል፣ በራዲዮ ይደገማል። ሰውየው ብርድ ነው ብሎ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ሲበላ፣ ጠበል ሲጠመቅ ከረመ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የራሱ ነው።

በ2015 ሰሎሞን አበበ ይመርና ባልደረቦቹ በአማራ ክልል የሳንባ ቲቢ ሕሙማን ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ያገኙት ነገር ቆም ብሎ የሚያሳስብ ነው። በ7ኛው ሐረግ የተያዙ ሰዎች በሌሎቹ ከተያዙት ይልቅ ሕክምና ለመፈለግ ዘግይተው ነበር። ባክቴሪያው ራሱም በቤተ ሙከራ ሲያድግ ቀርፋፋ ነው። መቼም ቲቢ በጠቅላላው ዘገምተኛ ፍጡር ነው፤ አንዳንድ የአንጀት ባክቴሪያ በ20 ደቂቃ አንዱ ሁለት ሲሆን ቲቢ ግን 20 ሰዓት ገደማ ይወስድበታል። 7ኛው ሐረግ ከዚህም ይዘገያል።

በ2017 ያው ቡድን፣ አለማየሁ ጎዳና ብርሃኑን ጨምሮ ከኢትዮጵያና ከኖርዌይ ተመራማሪዎች ጋር፣ ከእኛው ክልል ሕሙማን የተገኙትን የ7ኛውንና የ4ኛውን ሐረግ ባክቴሪያዎች ወደ ማስ ስፔክትሮሜትሪው አቀረበ። የፕሮቲኖቻቸው መጠን ሲነጻጸር ልዩነት ታየ። ልዩነቱም ከዘገምተኛ እድገትና ከበሽታ አምጪነት ጋር በተያያዙ ፕሮቲኖች ላይ ነበር። መዘግየቱ በባክቴሪያው ገላ ውስጥ ተመዝኖ ተገኘ ማለት ነው።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" የምንለው ለበጎ ነገር ነው። ይህ ባክቴሪያ ግን ተረቱን ለክፉ የተማረው ይመስላል። ሳሉን ቀስ አድርጎ ይጀምራል፤ ሰውየው ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ገበያ ይወጣል። ዛሬ ከትናንት ብዙም አይብስም። እንዲህ ያለ ሕመም የያዘው ሰው "ብርድ ነው" ቢል ከራሱ ሰውነት የሰማውን መናገሩ እንጂ አላዋቂነቱ ነው ትላላችሁ?

እንዳልሳሳት፣ ርቀት አለ፣ ድህነት አለ፣ ከጎጆው እስከ ጤና ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ አለ፣ የመኸር ሥራ አለ። እነዚህ ሁሉ ያዘገያሉ። ጥናቱም ቢሆን ተያያዥነትን አሳየ እንጂ ሁሉንም መዘግየት ለባክቴሪያ አልሰጠም። እኔ የምለው፣ መቶ በመቶ ለገበሬው ተሰጥቶ የነበረው ጥፋት አሁን ተካፋይ አግኝቷል ነው። ሌላም ግምት ልጨምር፤ የእኔ ግምት ነውና እንደዚያው ውሰዱት። ቀርፋፋ ዘር፣ ተራርቀው በሠፈሩ የደጋ ጎጆዎች መካከል ሲያዘግም የኖረ፣ በጥንቱ ጽሑፍ ያልጎላው ምናልባት ስላልነበረ ሳይሆን ጩኸት ስለሌለው ይሆን?

🔹 ታዲያ ምን ይሁን?

"መድኃኒቱ ያው ነው፤ ሐረጉን ማወቅ ምን ይረባል?" የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፤ መድኃኒት ያልተላመደ ቲቢ የየትኛውም ሐረግ ቢሆን በመደበኛው የስድስት ወር ሕክምና ይድናል። ለአንዲት ሕመምተኛ በግሏ የሐረጓ ስም ምንም ላይለውጥ ይችላል።

ለአገር ግን ይለውጣል። የቲቢ ምርመራችን የሚጀምረው "ሁለት ሳምንት ያሳለህ ና" በማለት ነው። ዘገምተኛ ዘር ባለበት ምድር ሰውየው እስኪመጣ መጠበቅ ማለት ቤተሰቡ እስኪያዝ መጠበቅ ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ወረዳ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ሄዳ የምትፈልግበት አቅምና በጀት ሊኖራት ይገባል። ይህ የበጎ ፈቃድ ጉዳይ ሳይሆን ከባክቴሪያው ጠባይ የሚነሣ ስሌት ነው።

ሁለተኛው የመዝገቡ ጉዳይ ነው። የዓለም የቲቢ ምርምር እንደ መለኪያ የሚጠቀምበት ባክቴሪያ በ1905 አሜሪካ ውስጥ ከአንድ ሕመምተኛ የተወሰደ የ4ኛው ሐረግ ዘር ነው፤ በ1998 ጂኖሙ ሙሉ በሙሉ የተነበበውም እርሱ ነው። አዲስ ክትባትና አዲስ መመርመሪያ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚታየው እርሱ ነው። የጉና ግርጌ ሕመምተኛ የያዘው ዘር መዝገቡ ውስጥ ከሌለ እርሱ ራሱ መዝገቡ ውስጥ የለም ማለት ነው። የዘር ቆጠራው ገና አላለቀም። በ2020 ከሩዋንዳና ከኡጋንዳ 8ኛው ሐረግ፣ በቀጣዩ ዓመት ከምሥራቅ አፍሪካ 9ኛው ተመዝግበዋል። ምሥራቅ አፍሪካ ገና ያልተነበበ መጽሐፍ ናት።

ሦስተኛው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ከኖርዌይ ጋር በጤና ምርምር መተባበራችን አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በ1970 ሲመሠረት የኖርዌይና የስዊድን እጅ ነበረበት፤ ስሙም በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያገኘው የኖርዌያዊው ሐኪም ነው። ዛሬ ይህ ተቋም የእኛ ነው፤ ትብብሩ ሰው አስተምሯል፤ ሊመሰገን ይገባል። ግን ጥያቄው ይቀራል። አክታው ከእኛ፣ ሕመሙ ከእኛ፣ ተመራማሪውም በከፊል ከእኛ ሆኖ፣ ሚዛኑ ሁልጊዜ ባሕር ማዶ የሚቀመጥ ከሆነ ጥያቄውን የሚመርጠውም ባለ ሚዛኑ ይሆናል። ጎንደር፣ ባሕር ዳርና ደብረ ታቦር ላይ ዩኒቨርሲቲ አለን። ለሦስቱም አንድ የጋራ ቤተ ሙከራ፣ የማይቋረጥ መብራት፣ መሣሪያው ሲበላሽ የሚጠግን ሰው ማዘጋጀት ከቻልን ያ አንድ ሚዛን ለክልሉ ሁሉ ይበቃል። ከቲቢም አልፎ በየሆስፒታሉ ቁስል የሚያመረቅዙትን፣ መድኃኒት የተላመዱትን ባክቴሪያዎች በደቂቃ ይለይልናል።

ይህን ስጽፍ ያለንበትን ሁኔታ ረስቼው አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወልድያን ጨምሮ ስንት ሆስፒታል እንደተዘረፈ ታውቃላችሁ። ከዚያም ወዲህ በክልሉ ግጭት መንገድ ሲዘጋ ናሙና አይሄድም፣ መድኃኒት አይደርስም። የስድስት ወር ሕክምና ሦስተኛ ወሩ ላይ ሲቋረጥ ባክቴሪያው መድኃኒት ሊላመድ ይችላል፤ ጥንታዊው ኢትዮጵያዊ አዲስ ጠባይ ይዞ ሊመለስ ይችላል። መሣሪያ ስለመግዛት ከማውራታችን በፊት ክኒን የጫነች መኪና በማንኛውም ኬላ ሳትጠየቅ እንድታልፍ መስማማት ያቅተናል? ቴዎድሮስ ከቆራጣ ሰፈራቸውን ያነሡት የበሽታውን ዘር አውቀው አይደለም። እኛ ግን አውቀናል፤ ተመዝኖልናል። አውቆ ተቀምጦ ማየት ከዚያ ዘመን ይልቅ የእኛን ጥፋት ያከብደዋል።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይላሉ አባቶች። እስካሁን ተረቱን የምንነግረው ለሕመምተኛው ነበር። ደብቆን የኖረው በሽታው ራሱ ሆኖ ሲገኝስ ለማን እንንገረው? ለጤና ቢሮው፣ ለዩኒቨርሲቲው፣ በጀት ለሚመድበው ምክር ቤት ቢነገር አይሻልም?

በጤና ጣቢያና በላቦራቶሪ የምትሠሩ የዚህ ቻናል ቤተሰቦች፣ በተለይ በጋይንት፣ በፋርጣና በእስቴ ያላችሁ፣ ሕሙማን ስንት ጊዜ አስለው እንደሚመጡ፣ ሲመጡም ምን እንደሚሏችሁ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን። የሕሙማን ስም አታንሡ። ቀሪውን ግን እንወያይበት።